የዘበኛ ቤቱ መስመር

ባለቤቴ ጡረታ ሊወጣ ሲቃረብ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚያልመው፤ ሰው የማይደርስበት ቦታ ላይ ትልቅ ቤት መሥራት፣ ከዚያም ያንን ቤት ሰው ሁሉ እንዲያይለት። ሰው የማይደርስበትን ቤት ሰው እንዴት እንደሚያየው ጠየቅኩት። «ጥሩ ቤት ራሱ ሰው ይጠራል» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የመምሪያ ኃላፊ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። አፉ ላይ የመጣለትን ሲናገር ከአጠገቡ ቁጭ ብሎ ራሱን እየነቀነቀ የሚጽፍ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። እንዲህ ሆኖ የኖረ ሰው የተናገረው ነገር ስሜት ይስጥ አይስጥ መለየት ያቅተዋል።

ቤቱን ቆሞ ያሠራው ታናሽ ወንድሙ ነው። አገር ምድሩ «ኢንጂነር» ይለዋል። ምሕንድስና ጀምሮ አቋርጧል፤ ያቋረጠው ግን ትምህርቱን እንጂ ማዕረጉን አይደለም። ቤቱን ከመንገድ ላይ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ የተጠረበ ድንጋይ፣ ወፋፍራም ዓምዶች፣ ፎቁ ላይ ሰፊ በረንዳ። ውስጡን ለቄስ። በረንዳው በር የለውም፤ ለመታየት እንጂ ለመቆም አልተሠራም። የመብራት ማብሪያዎቹ ከየበሩ ጀርባ ስለሆኑ፣ ገብተው በሩን መልሰው ካልዘጉት መብራት ማብራት አይቻልም። የወጥ ቤቱ መስኮት ሲከፈት ከቧንቧው ጋር ይጋጫል። ይህን ሁሉ ስነግረው ኢንጂነር እንደ መሳቅ ይልና «እትዬ፣ እሱ እኮ ዲዛይን ነው» ይለኛል።

ሁለቱ ወንድማማቾች ከሁሉም በላይ የሚኮሩት በኢንተርኔት ሶኬቶቹ ነበር። ሳሎን አለ፣ መኝታ ቤት አለ፣ ዕቃ ቤት አለ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንኳ ከመስታወቱ አጠገብ አለ። ሰው ፊቱን እየታጠበ ምን ሊሰካ እንደሚችል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከየሶኬቱ የሚመጣው ሽቦ ከደረጃው ሥር አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ደግሞ በግቢው ንጣፍ ሥር የተቀበረ ቱቦ እስከ ውጭው በር ይወስደዋል። ኢንጂነር ይህንን በእጁ አየር ላይ እየሣለ ሲያስረዳ፣ ባለቤቴ ፊቴን ያይ ነበር፤ እንድደነቅ።

እኔ የምፈልገው አንድ የሚሠራ ሶኬት ብቻ ነበር። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። በሰው አገር ሆስፒታል ተኝተው፣ ሐኪሙ የሚለው ለማይገባቸው፣ እነሱም የሚሉት ለሐኪሙ ለማይገባው የእኛ ቋንቋ ተናጋሪዎች በኮምፒውተር በኩል ድምፅ እሆናቸዋለሁ። ሕጉ ጥብቅ ነው። ሐኪሙ «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» እላለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ ክፍሉ ውስጥ የተነገረውን ሁሉ ለሁለቱም አስተላልፋለሁ። መስመሩ በገመድ የሚገባ መሆን አለበት፤ ክፍሉ ዝግ፣ ሌላ ጆሮ የሌለበት። ገጠር ለመግባት የተስማማሁት መስመር እንደሚኖር ባለቤቴ ስለማለልኝ ነው። «ቤቱ እኮ ኢንተርኔት ይዞ ነው የተወለደው» ነበር ያለኝ።

ዕቃችንን ጭነን ገባን። የተወለደውን ኢንተርኔት ብፈልገው የለም። ሶኬቱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ውጭ ካለው ምሰሶ ጋር የሚያገናኘው ግን ማንም የለም። ለካ ለኢንተርኔት ድርጅቱ ማመልከቻ እንኳ አላስገቡም። «ቤቱ ካለ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ» ብሎ ነበር ባለቤቴ፤ እነሱንም እንደ ሌላው ሰው ቤቱ ራሱ ሊጠራቸው ነበር መሰለኝ። ስልክም ቢሆን እዚያ ጉድባ ውስጥ አይሠራም። የውኃ ታንከሩ ማማ ላይ ወጥቼ አንድ እጄን ካልዘረጋሁ ድምፅ አይገባም፤ ሲገባም ንፋሱ ከእኔ በላይ ያወራል። ማመልከቻውን በራሴ ስም አስገብቼ፣ ስለምን ስጨቃጨቅ ከረምኩ።

አንድ ቀን እዚያው ማማ ላይ ሆኜ ተቆጣጣሪዬ ደወለችልኝ። ረቡዕ ከሰዓት የአንዲት ታማሚ ቀጠሮ እንዳለ፣ ሐኪሙ የመጨረሻውን የምርመራ ውጤት ሊነግራት እንደሆነ፣ በቋንቋችን የሚሠራ ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት እንደሌለ ነገረችኝ። «ካልቻልሽ ልጇ እንዲያስተረጉም እናደርጋለን» አለች።

ሴትዮዋን አወቅኳት። ገጠር ከመግባቴ በፊት በነበሩት ቀጠሮዎቿ ሁሉ ድምፅ የሆንኳት እኔ ነኝ። ደረቅ ቀልድ የምታውቅ፣ አንጀቷ ጠንካራ የሆነ ባልቴት ናት። ልጇንም አውቀዋለሁ። በመጨረሻው ቀጠሮ እናቱ ራጅ ልትነሳ ስትወጣ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ በናትሽ፣ ውጤቱ ክፉ ከሆነ፣ መጀመሪያ እንደጠረጠሩት የሐሞት ድንጋይ ነው ብለሽ ንገሪያት፤ አትችለውም» ብሎኝ ነበር። እንደማላደርገው ነገርኩት። አሁን ግን እኔ ከሌለሁ፣ መንገዱ ጨርቅ ሆነለት። ሐኪሙ የሴትዮዋን ሞት በሴትዮዋ ፊት ይናገራል፣ ልጁ በድንጋይ ይተረጉመዋል፣ እሷም አመስግና ትወጣለች። የገዛ ሞቷን ከእሷ በቀር ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ነው። ይህ እንቅልፍ ነሳኝ።

ለባለቤቴ የሰው ምስጢር ልነግረው አልችልም። «አንዲት የታመመች ሴት ረቡዕ ትጠብቀኛለች፤ መስመሩ እስከዚያ መግባት አለበት» ብቻ አልኩት።

«ልጅ የላትም? እሱ አያስተረጉምላትም?» አለኝ።

«አላት።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? ደግሞ ረቡዕ እንግዶች አሉብን።» የድሮ መሥሪያ ቤቱን ሰዎች ቤት ሊያሳይ ጠርቷቸው ነበር። ከእንግዲህ «አለቃ» የሚለው ሰው ስለሌለ፣ በደንብ የሚሉት ሰዎች ተሰብስበው መምጣታቸው ነው።

መስመር የሚያስገባው ባለሙያ ሰኞ መጣ። ማስቲካውን እያኘከ፣ አንድ ጆሮው ላይ ስልክ ለጥፎ፣ ከዚያኛው ወገን ላለው ሰው «ጨርሻለሁ፣ እየተመለስኩ ነው» እያለ ነበር በሩን የገባው። ሥራውን ገና አላየውም። ቤቱን ቀና ብሎ ሲያይ ባለቤቴ ደረቱን ነፋ፤ ባለሙያው ግን የሚያየው ለማማረር የሚመች ነገር ነበር። «ቱቦ አለ?» አለ።

«ቱቦ አለ ወይ ይለኛል!» አለ ኢንጂነር ወደ እኔ ዞሮ፣ የተሰደበ መስሎት። እጁን ይዞ ከደረጃው ሥር ወሰደው። ባለሙያው ረጅም የብረት ሽቦ ከደረጃው ሥር ባለው ቀዳዳ መግፋት ጀመረ፤ ጫፉ በውጭው በር አጠገብ ባለችው ትንሽ ጉድጓድ ብቅ ሲል ፋይበር የተባለውን የኢንተርኔት ገመድ አስሮ መልሶ ሊስበው ነው። ሽቦው እንደ ቅቤ ገባ። ኢንጂነር በኩራት እጁን አጣጥፎ ቆመ። ሽቦው ገባ፣ ገባ፣ በሩ ጋ ግን የለም። ባለቤቴ እጉድጓዱ ላይ አጎንብሶ «አልመጣም!» ይላል፣ ኢንጂነር «ግፋ!» ይላል፣ ባለሙያው ማስቲካውን ያኝካል።

ከጓሮ የሚንኳኳ ድምፅ የሰማሁት እኔ ነኝ። ብረት ሲሚንቶ ሲመታ። ተከትዬው ሄድኩ። ድምፁ የሚመጣው የሽንት ቤት ፍሳሽ ከሚጠራቀምበት ከሴፕቲክ ታንኩ ክዳን ሥር ነበር። ኢንጂነር ክዳኑን ሲያነሳው፣ ሽቦው ጫፉን ቀና አድርጎ ከዚያ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል።

«እንኳን ደስ ያላችሁ፤ መስመሩ ገብቷል» አለ ባለሙያው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤቱ ጀርባ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው ሁለት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተቀብረዋል፤ አንዱ ለእንግዳው ሽንት ቤት፣ አንዱ ለኢንተርኔት። ኢንጂነር ምልክት ሳያደርግባቸው፣ ንጣፉ ለቤቱ ምረቃ እንዲደርስ ቸኩሎ አስነጠፈባቸው። የቧንቧ ሠራተኛው ደግሞ በግምት ገጠማቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኢንተርኔታችን ከሴፕቲክ ታንኩ ጋር ተገናኘ። ታዲያ የሽንት ቤቱስ ወዴት ሄደ? ይህን ሦስታችንም ባንድ ጊዜ አሰብነውና፣ ወደ ውጭው በር ሄደን ያቺን ትንሽ ጉድጓድ አየናት። ከገባን ጀምሮ የበሩ አካባቢ ይሸት ነበር። ባለቤቴ የታችኛውን ጎረቤት በጎች ነበር የሚከስሰው፤ ቤቱ ድረስ ሄዶ በረቱን እንዲያነሳ አስጠንቅቆታል። ጎረቤቱም አክብሮት በጎቹን ወዲያ አርቆለታል። ሽታው የራሳችን ነበር።

እኔ መሳቅ ጀመርኩ። ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ሌላ የሚደረግ ነገር ስላልነበረ ነው።

«ንጣፉን መስበር ነው» አለ ባለሙያው። «ቱቦዎቹን አቀያይራችሁ ጥሩኝ።»

«ወይ ፍንክች!» አለ ባለቤቴ። «ረቡዕ ሰው እየመጣ ግቢዬን ላስቆፍር?»

«እንግዲያው በላይ ነዋ። ከምሰሶው ወደ ጣሪያው በአየር እንስበው፤ አሁኑኑ ያልቃል።»

ባለቤቴ ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ወደዚያ በር ወደሌለው በረንዳ ቀና ብሎ አየ። በፊቱ ላይ ያየሁትን ሐዘን እናቱ በሞተች ጊዜ አላየሁትም። «በዚህ ቤት ፊት ጥቁር ገመድ? ቤቱን የልብስ ማስጫ ልታደርጉብኝ ነው?»

«ጋሼ እውነቱን ነው» አለ ኢንጂነር። «ፕሮፋይሉን ያበላሸዋል።»

«ረቡዕ እኮ ነው የምፈልገው» አልኩ። «ሴትዮዋ ትጠብቀኛለች አልኩህ።»

«ሴትዮዋ፣ ሴትዮዋ! ከዚህ ቤት የምትበልጥብሽ የማን ሴትዮ ናት? እንግዶቹ ይሂዱና ከዚያ በኋላ እናያለን። ወሬው የትም አይሄድም።»

ሥራዬን «ወሬ» ማለት ልማዱ ነው። እሱ በስብሰባ ላይ ሲያወራ ሥራ ነው፤ እኔ በሰው ሕመም ላይ ስናገር ወሬ ነው። ከዚያ በኋላ እሱን መለመን አቆምኩ። የሚለመን ሰው ትንሽ እንኳ ከፍ ብሎ መታየት አለበት፤ እሱ በዚያ ሰዓት ከእግሬ በታች ነበር።

ከግቢው በር ጎን አንዲት የዘበኛ ቤት አለች። ዘበኛ ገና ስላልቀጠርን የተረፈ ሲሚንቶ ነው ያለባት። ምሰሶው ከጀርባዋ ቆሟል። ባለሙያውን ዕቃውን ሲሰበስብ ደረስኩበትና «እዚህ አስገባልኝ» አልኩት።

የዘበኛ ቤቷን አየ፣ ጉድጓዷን አየ፣ አፍንጫውን ያዘ። «እዚህ? ይሸታል እኮ።»

«ማመልከቻው በማን ስም ነው?»

«በእርስዎ።»

«እንግዲያው እኔ ያልኩህ ቦታ አስገባ።»

እንዲህ ተባለና መስመሩ ገባ። ግድግዳውን ሲበሳ እንኳ ማስቲካውን አላቆመም። ራውተሩን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀመጠው፤ አረንጓዴ መብራቱ በራ። ሲሄድ የአክስቱ ልጅ ለትልልቅ ቤቶች የሚሆን ዋይፋይ ማጉያ እንደሚሸጥ ነገረኝ። ቁጥሩን ጥሎልኝ ሄደ፤ እኔም ጣልኩት። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ስጠርግ ዋልኩ። ጠረጴዛና ወንበር አስገባሁ፣ ጉድጓዷን በፕላስቲክና በድንጋይ ከደንኳት፤ ሽታው ግን በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ አብሮኝ ዋለ። ኢንጂነር ሁለት ጊዜ እየመጣ ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። ባለቤቴ «የቤት እመቤት ዘበኛ ቤት ተቀምጣ እንግዳ ልትቀበል ነው እንግዲህ» ሲል ሰማሁት፤ ለማን እንደሚናገር አላውቅም፣ ግቢው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ከሰዓት እንግዶቹ በመኪና መጡ። ገና ከመኪና ሳይወርዱ «አለቃ! ይሄ እኮ ቤተ መንግሥት ነው!» ማለት ጀመሩ። አብረው ለአንድ ሰው ሲያጎበድዱ የኖሩ ሰዎች ድምፃቸው እንኳ ይመሳሰላል። ባለቤቴ ዓምዶቹን በእጁ እየመታ ያሳያል፣ ኢንጂነር ሶኬቶቹን ያሳያል። መታጠቢያ ቤት ያለውን ሶኬት ያዩ ጊዜ አንዱ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም» አለ። እውነቱን ነው። ወደ እንግዳው ሽንት ቤት ግን ማንም እንዳይገባ፣ ቀለሙ አልደረቀም ተባለ። እኔ ሰላም ብያቸው፣ ሥራ አለብኝ ብዬ፣ የዘበኛ ቤቷን በር ከውስጥ ቆለፍኩ።

መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የሴትዮዋን ፊት ነው። ከስታለች። ትራሱ ካልደገፋት አትቀመጥም። ልጇ ከጎኗ፣ ሐኪሙ ከፊቷ። ራሴን አስተዋወቅኩ።

«አንቺ ልጅ! የት ጠፍተሽ ነው?» አለችኝ። «አንቺ ከጠፋሽ ወዲህ ልጄ ነው የሚያስተረጉምልኝ። ሐኪሙ ጥላው እስኪዞር ድረስ ሲናገር ይቆያል፣ ልጄ ደግሞ ‹ደህና ነሽ ይላል› ይለኛል። ያን ሁሉ አውርቶ ያቺን ብቻ ነው እንዴ ያለው?»

ለሐኪሙ እንዳለችው አድርጌ ነገርኩት። ልጇን ቀና ብሎ አየው። ልጁ ዓይኑን ጫማው ላይ ጣለ።

ሐኪሙ ወንበሩን አስጠግቶ ቀስ ብሎ ጀመረ። ፍሬ ነገሩ ላይ ሲደርስ ልጁ በቋንቋችን «እህቴ፣ እባክሽ ይሄን አታስተርጉሚው። ይገድላታል» አለኝ። ሕጉ ሕግ ነው፤ እሱ ያለውን ለሐኪሙ ተረጎምኩለት። እሷ ግን ለመስማት ትርጉም አላስፈለጋትም።

«ልጄ፣ ውጣና ውኃ አምጣልኝ» አለችው።

«ውኃ አለ እኮ፣ እማዬ።»

«ቀዝቃዛ አምጣልኝ።»

ልጁ ወጣ። ሐኪሙ ቀጠለ፣ እኔም በገዛ ድምፄ እንዲህ አልኳት፦ «ድንጋይ አይደለም። ዕጢ ነው። ከቆሽትዎ ተነስቶ ጉበትዎ ላይ ደርሷል። ላድንዎት አልችልም። ሕመሙን ላስታግስልዎት ግን እችላለሁ።» «አልችልም» ስል ድምፄ ተሰበረ፤ አልደበቅኩትም፣ የሐኪሙም ተሰብሮ ነበር።

ሴትዮዋ እጇን አንሶላው ላይ ዘርግታ ታየዋለች። እንዲህ ያለውን ዝምታ አስተርጓሚም ሐኪምም አይነካውም። ትሰበስበዋለች፣ ታላምጠዋለች፣ ትውጠዋለች፤ ከዚያ የምትናገረውን ትናገራለች።

በዚህ መሐል መስኮቱ ተደበደበ።

«ፓስወርዱ ስንት ነው?» ባለቤቴ ነው። «ኳሱ ተጀመረ! ሰዎቹን እዚህ ወንበር አምጥቼላቸዋለሁ፣ ፓስወርድ ይላል!»

ኢንጂነርም ከኋላው «እትዬ፣ ዋይፋዩ እዚህ ድረስ ይመጣል፤ ፓስወርዱን ብቻ!» ይላል።

በእጄ ሂዱ አልኳቸው። ባለቤቴ መስታወቱ ላይ ግንባሩን ለጥፎ የባሰ ደበደበው።

«ማነው የሚጮኸው?» አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗን ከእጇ ሳታነሳ።

«ባለቤቴ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኳስ ለማየት የኢንተርኔቱን ፓስወርድ እየጠየቀኝ ነው።» ይህንኑ ለሐኪሙም ተረጎምኩለት፤ ሕጉ ባለቤቴን ለይቶ አይተወውም። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ቀረ። የዚያን ሰዓት ያፈርኩት እፍረት በስም አይጠራም። ያገባሁት ሰው ከሰው ሞት ፊት ቆሞ ኳስ ይለምናል።

ሴትዮዋ ቀና አለች። «ስጪውና ይሂድልን» አለችኝ። «እኔ ጊዜ የለኝም።»

ሰጠሁት። ከሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀድጄ ጻፍኩና በመስኮቱ ስንጥቅ ወረወርኩለት። ውጭ የደስታ ጩኸት ተሰማ፤ ወንበሮች ተጎተቱ፤ ከዘበኛ ቤቷ ግድግዳ ሥር ተሰልፈው ተቀመጡ።

«በል እንግዲህ ንገረኝ» አለች ሴትዮዋ ለሐኪሙ። «ስንት ጊዜ ነው ያለኝ? እንዳትሸነግለኝ፤ አንድ ሐሙስ እንኳ ቢሆን ይነገረኝ።»

ተረጎምኩ። ሐኪሙ ትንፋሹን ሳበና መናገር ጀመረ። ድምፁ ተቆራረጠ። አንድ ቃል መጣ፣ ከዚያ ጭጭ፤ የቃል ግማሽ መጣ፣ ከዚያ ጭጭ። ምስሉም እንደ ፎቶ ይደርቅና መልሶ ይነቃል። ሴትዮዋ ከሐኪሙ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ ታያለች። «ምን አለ? ምን አለ ልጄ?» የእሷም ድምፅ ተቆረጠ። ውጭ የተኮለኮሉት ሁሉ ስልካቸውን አውጥተው፣ እያንዳንዳቸው ያንኑ ኳስ ለየብቻ ከፍተውታል። አንዱን ስልክ ከበው ቢያዩ ምን ነበረበት? አይ፤ ሁሉም ኃላፊ ናቸው።

ራውተሩን ገለበጥኩት። ከጀርባው ባለሙያው ያሳየኝ ዋይፋዩን ብቻ የሚያጠፋ ቁልፍ አለ፤ የእኔ ኮምፒውተር በገመድ ነው። ተጫንኩት።

ውጭ ሐዘን ወጣ። «ሄደ! ጠፋ! ሊያገባ ነበር እኮ!» ባለቤቴ መስኮቱን ሊሰብረው ደረሰ። መጋረጃ ስላልነበረ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ሐኪሙ ተመለሰ። ይቅርታ ጠይቄ እንዲደግመው ለመንኩት። ደገመው። እኔም ለሴትዮዋ ነገርኳት፦ «ወራት ነው። ዓመት አይሞላም። ምናልባት ከግማሽ ዓመትም ያንሳል።»

ራሷን ነቀነቀች፤ የዋጋ ሒሳብ ተነግሯት ልክ ነው እንደምትል ሴት። «ይህን ካወቅኩ ይበቃኛል» አለች። «ያንን አፌን ብረት ብረት የሚያሰኘኝን መድኃኒት ልተወው እችላለሁ?» ሐኪሙ እንደምትችል ነገራት። «እንግዲያው ተውኩት። ምግብ ሳይጣፍጠኝ የሚጨመርልኝ ቀን ይቅርብኝ።» ቀጥሎ ስለ ልጇ አነሳች። «እንዳትቆጡት። እኔን የሸሸገኝ መስሎት ራሱን ነው የሸሸገው። አሁን ውኃውን ይዞ ሲመጣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። ለእሱ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።» እኔን ደግሞ «ተባረኪ፤ ድምፅሽ አይጥፋ» አለችኝና፣ መስመሩ ተዘጋ።

ጥቂት ጊዜ እዚያው ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ ማለት ነው። ሽታው ነው እንዳልል፣ ሽታውን ለምጄዋለሁ።

በሩን ስከፍት እንግዶቹ ሄደዋል። ፊታቸውን አጥቁረው እንደሄዱ የተገለበጡት ወንበሮች ይናገራሉ። ኢንጂነር ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ግቢውን ይዞራል። ባለቤቴ እመግቢያው ላይ ቆሟል።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ። «ስንት ዘመን ያከበሩኝ ሰዎች ናቸው። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ኳሱን አስቀምጦ ነበር እኮ! ልክ ሊመታ ሲል! እስቲ ለመሆኑ ምን ይሄን ያህል የሚያስቸኩል ወሬ ነው?»

አየሁት። ባልና ሚስት ነን፤ ስንት ዘመን አብረን ኖረናል። ስሟንም አገሯንም ሳልጠራ የምነግረው ነገር ነበረኝ። አንዲት ሴት ሞቷን እንዴት አድርጋ እንደተቀበለች ልነግረው፣ አብሮኝ ትንሽ ዝም እንዲል ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይኑ ግን ወደ ኢንጂነር ስልክ ይሄድ ነበር።

«ኳሱ እንዴት አለቀ?» አልኩት።

ፊቱ በራ። የማን ጥፋት እንደነበረ፣ ዳኛው ምን እንዳደረገ፣ አግዳሚውን መትታ እንዴት እንደወጣች፣ እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ሬዲዮ ሰምተው እንደነገሩት እየተረከልኝ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ ይዞኝ ሄደ። የጠየቀኝን ዳግመኛ አላነሳውም።